አከራዬ የገደሉኝ ዓርብ

ኮልፌ ውስጥ ሰውን የሚገድለው በሽታ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። እኔን የገደሉኝ አከራዬ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ዛሬም ጸሎት ሳደርስ ስማቸውን አነሳለሁ። ደግሞስ በሞቴ የራሴም እጅ ነበረበት...

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከቢቸና መጥቼ፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በልብስ ስፌት ስተዳደር፣ አንገቴ ላይ እንቁላል የሚያህል እጢ ወጣ። አንድ ወጣት ሐኪም በኦፕራሲዮን አወጣልኝ። ሰውየው ጥናት ይዞ ነበር፤ እጢውን በአዲስ ዓይነት አቆራረጥ ከሥሩ ያወጣና፣ ተመልሶ ይበቅል እንደሆነ ለማወቅ በየስድስት ወሩ ሰውን እየጠራ አንገት ይዳብሳል።

"እንዳትቀሪ" አለኝ።

"እመቤቴን! አልቀርም" አልኩት።

ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሚካኤል ላይ ዋለ። ሁለተኛው ተክልዬ ላይ። ሦስተኛው በዓል ባልሆነ ቀን ነበር፤ እሱን ደግሞ አፍሬ ቀረሁ።

ጥንቁቅ ሴት መሆኔን እንዳትዘነጉብኝ። ያን ሰሞን ቀበሌው የሴቶችን ስብሰባ ልክ በቅዳሴ ሰዓት እየጠራ፣ የቀረችውን ቤቷ ድረስ ይፈልግ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ በፍልሰታ፣ አንድ ዓርብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ እትዬ ዘነቡን "ፋይል የያዘ ሰው ከመጣ እንደምንም ብለው ይመልሱልኝ" አልኳቸው። ልብ አድርጉልኝ፣ ዋሹ አላልኩም። ምን እንደሚሉ አልነገርኳቸውማ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ንፍሮም ተቀቅሏል።

"ማን ሞተ?" አልኩ ደንግጬ።

"አንቺ" አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ከንፍሮው እየዘገኑልኝ። "እንኪ አስካለ፣ ከቅዳሴ መጥተሽ ርቦሻል።"

"እንዴት ሆኜ ነው የሞትኩት?"

"ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፋይል ይዞ መጣ። ወጥታለች ስለው እጠብቃታለሁ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አገሯ ገብታለች አልኩት። አድራሻዋን ይስጡኝ ብሎ ብዕሩን መዘዘ። ምን ልበል ታዲያ? ዐርፋለች አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ባርኔጣውን አወለቀ። 'በአንገቷ ነው?' አለኝ። 'አዎ፣ በአንገቷ ነው' አልኩት፤ እሱ ያመጣውን ማፍረስ ደስ አላለኝም። እንባው ሲመጣ ጊዜ እኔም አለቀስኩ። ጎረቤት ልቅሶ ሰምቶ መጣ። ሰው ከመጣ ያለ ንፍሮ ይሆናል?"

"ሰውየው ሌላ ምን አለ?"

"ሦስተኛዋ ሟች ናት አለ። ሰኞ ትልልቆቹ ሐኪሞች ፊት አቀርበዋለሁ፤ እንግዲህ ይህን ኦፕራሲዮን ያስቆሙኛል፤ ወረፋ የያዙትን ሴቶችም ወደየቤታቸው እመልሳለሁ አለ። የቀበሌ ሰው ስለ ሴቶች አንገት ምን አገባው ብዬ ገርሞኝ ነበር።"

የዘገንኩትን ንፍሮ መለስኩ፤ ለካ የመጣው የቀበሌ ሰው ሳይሆን ዶክተሬ ኖሯል። በዚያው ምሽት እትዬ ዘነቡን ሁለተኛ ላይዋሹ አስማልኳቸው።

ሰኞ በጠዋት፣ በዚያ ጭቃ፣ ፌርማታ ላይ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ።

"ፋይልሽ የሟቾች ሣጥን ውስጥ ነው" አለኝ የካርድ ክፍሉ ሰው።

"አውጣልኛ።"

"ያለ ሐኪሙ ፊርማ አይወጣም።"

"እንግዲያው እንዲሁ ልግባ።"

"ያለ ፋይል አይገባም። በሕይወት መኖርሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌሽ አምጪ።"

ከቀበሌ! ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ። ሰውየው ወደ መደርደሪያው ዞር ሲል ነጠላዬን ተከናንቤ አለፍኩ። ሟችን ማን ይከለክላል?

ከኮሪደሩ ጫፍ የዶክተሬ ድምፅ ይሰማል፤ "በሦስተኛዋ ታካሚ ላይም እጢው ተመልሶ..." በሩን ከፈትኩት። ነጭ የለበሱት ሁሉ ዞሩ።

"ይህቺ ደግሞ ማን ናት?" አሉ አንድ ባለመነጽር ሽማግሌ።

ዶክተሬ ጠመኔውን እንደያዘ "ሟቿ ናት፣ ጌታዬ" አለ።

ሽማግሌው ነጠላዬን አስወርደው አንገቴን ዳሰሱ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። እናንተዬ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሌሎቹን ሴቶች ወረፋ እንጂ፣ እጢው በእርግጥ ተመልሶብኝ ቢሆንስ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"ያማል?"

"እጅዎ ይቀዘቅዛል እንጂ አያምም።"

"ምንም የለም" አሉና ወደ ዶክተሬ ዞሩ። "ሞተች ያለህ ማን ነው?"

"አከራይዋ።"

"ፋይል ይዘህ ነበር የሄድከው?"

"አዎ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔም ዘንድሮ ሁለቴ ሞቻለሁ፤ የገደለችኝ ባለቤቴ ናት። የቀሩትን ሁለት ሙታን ሂድና እንደገና ጠይቅ። ይህችንም ይዘሃት ሂድ።"

ሄድን። ፋይሉን ዘንቢሌ ውስጥ ከጎመን ሥር ደበቅሁት። ዓለም ባንክ አካባቢ አንዲት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ "አባቴ ዐርፈዋል" አለችን።

እኔም አንገቴን አስግጌ "አባባ፣ እኔም ሞቼ ነበር። ምንም አያደርጉም፤ የሚያዩት አንገት ብቻ ነው" አልኩ።

ሟቹ የሸሚዛቸውን ኮሌታ እየፈቱ ከበሩ ኋላ ወጡ።

ሁለተኛዋ ግን የምር ሞታ ነበር። ዶክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሞቷንም እንዳለ ጻፈው። ከሦስቱ ሟቾች አንዷ ብቻ ቀረች፤ ኦፕራሲዮኑም አልቆመም፤ ሴቶቹም ወረፋቸው ደረሰ።

ያን ሰኞ ወደ ማምሻው ዶክተሩ ቤቴ ሊያደርሰኝ ሲመጣ በራችን ላይ ፋይል የያዘ ሰው ቆሟል። ይኼኛው የእውነተኛው ቀበሌ ነው፤ አዲስ ሹመኛ ስለሆነ መልኬን አያውቅም። እትዬ ዘነቡ ከኋላው ቆመው ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ ምለውልኛላ።

"ጓድ፣ አስካለ የምትባል ሴት እዚህ ትኖራለች?" ሲል ዶክተሩን ጠየቀው።

ዶክተሩ ቅንድቡ እንኳ ሳይነቃነቅ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ዐርፋለች። ሐኪሟ ነበርኩ።"

ውሸት ኃጢአት ነው። እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት። የወጣልኝ ግን "ነፍስ ይማር" ሆነ።