ለአስተካካይ ሰው ምን ይደረግለታል?

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ስጭን፣ የስክሪኑ ሬዞሉሽን ተበላሽቶ ፊደሉ ሁሉ ጡብ አከለ። አከራዬ እማማ ጥሩነሽ ብቅ ብለው አዩት።

«እሰይ! ይኼስ ለኔ ዓይንም ይታያል» አሉና መዝሙረ ዳዊት ስክሪኑ ላይ አስከፍተውኝ ቁጭ ብለው ያነቡ ጀመር። ደብረ ማርቆስ ሁለት ዓመት ስኖር ክፍሌ ገብቶ የተቀመጠ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

አስተካካይ የሚባል ፍጥረት ገጥሟችሁ ያውቃል? ደስ ያሰኘውን ነገር እንኳ ካላቃና እጁ የማያርፍ? እኔ ነኝ። እማማ ለዶሮዎቻቸው እህል በትነው እስኪመለሱ ስክሪኑን አስተካከልኩት፤ ፊደሉ ጤፍ ሆነ።

«ምነው ልጄ፣ ገና ማንበቤ ነበር እኮ!» ብለው ወጡ።

እሑድ ጠዋት ሬዞሉሽኑን መልሼ አበላሸሁና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኋቸው።

«እማማ፣ ተበላሽቶልኛል» አልኳቸው።