ወይዘሮ ቡርቱካን እና ስድስተኛው ቅጽ

በየከተማው አንድ መጨረሻ ነጋሪ አይጠፋም። ፊልሙን ገና ስትከፍቱ ገዳዩን ይነግራችኋል፤ ልቦለዱን ገና ስትገልጡ ልጅቷን ይቀብርላችኋል። ክፋት የለበትም፤ ወሬ በሆዱ አያድርም እንጂ። ሌላው ከተማ የራሱን ይፈልግ፤ መርሳ ይህን ማዕረግ ያለ ተወዳዳሪ የሰጠችው ለክብርት ወይዘሮ ቡርቱካን ነው።

ክብርት ወይዘሮ ቡርቱካን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የሻሽና የነጠላ ሱቅ አላቸው። ደንበኛው ሻሽ ያማርጣል፣ እሳቸው መጨረሻ ይናገራሉ። «ልንገርሽና ይውጣልሽ» ካሉ ጆሮ ይዞ መሮጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ከተማ ግራና ላይ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ «ይታረቃሉ፤ ፍየሏን ግን እሷ ትወስዳለች» ብለው አረፉት። እንዳሉትም ሆነ። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ እንዳኮረፉ ናቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን «የአራቱ ሙሽራ» ላይ የሠሩት ነው። በየቅጹ የሚወጣ ልቦለድ ነው። ሉባባ የምትባል ሴት እናቷ በገባችው ቃል ከአራት አጋንንት ጋር ትታሰራለች። አንዱ ይቀናል፣ አንዱ ግጥም ይገጥማል፣ አንዱ ወርቅ ይቆጥራል፤ አራተኛው ደግሞ፣ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፣ መልከ መልካም ነው። የመርሳ ሴት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከንስሐ አባቱና ከሼሁ ተደብቆ ያነበው ነበር። ጎረቤታቸው አስካለ ሦስተኛውን ቅጽ ይዛ የወልድያ ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ወይዘሮዋ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ገጿን አዩና «ልንገርሽና ይውጣልሽ፤ ጠንቋዩ አባቷ ነው» አሏት። አስካለ መጽሐፉን እዚያው ለረዳቱ ሰጠችው።

መጽሐፉን ከወልድያ የሚያመጣላቸው የሚኒባስ ሾፌሩ ሲራጅ ነው። ስለዚህ ከማንም ቀድመው የሚያነቡ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እያንዳንዱ ቅጽ ሱቁ ከመድረሱ በፊት በሲራጅ ሚስት በመሪማ ትራስ ሥር ያድራል። ጠዋት በመጣበት ጋዜጣ መልሳ ጠቅልላ ትልክላቸዋለች። በኋላ መጨረሻውን ሲነግሯት «ሱብሃነላህ!» ትላለች ደንግጣ። ደስታቸውን ማየት ትወዳለች።

በነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት መርሳ ሲገባ ሲራጅ መንገደኛ ጭኖ ደሴ ሄዶ ነበር። መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ከተማው በታጣቂዎች እጅ ወደቀ። መሪማ ተኛች። አልታመመችም፤ የምትነሳለት ነገር አጣች እንጂ። አስካለ ብታጎርሳት አትውጥም።

ወይዘሮ ቡርቱካን ሊጠይቋት ሲገቡ ሁሉም ፈራ። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው አንድም መጨረሻ ደብቀው አያውቁም፤ የሚናገሩት መጨረሻ ደግሞ ሞት አያጣውም። መሪማ ከትራሷ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ሲራጅስ እንዴት ይሆናል? አንቱ የማታውቁት መጨረሻ የለም።»

ወይዘሮዋ ሻሻቸውን ፈትተው መልሰው አሰሩ።

«እሱን ገና አላነበብኩትም» አሉ። ወዲያውም ቀጠሉ። «ስድስተኛውን ቅጽ ግን ጨርሼዋለሁ። ሲራጅ የሄደ ጠዋት ነው የሰጠኝ። ተነሽና ፊትሽን ታጠቢ፣ ልንገርሽ።»

ስድስተኛ ቅጽ የሚባል ነገር እንዳልመጣ ከመሪማ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። ሆኖም ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት የሰፈሩ ሴት መሪማ ቤት መዋል ጀመረ። በአምስቱ ቅጽ ስታለቅስ የኖረችው ሉባባም ጠባይዋ ተለወጠ። ገጣሚውን ጋኔን እንጨት አስፈለጠችው፤ ወርቅ ቆጣሪውን ሽንኩርት አስላጠችው። ወይዘሮዋ ገደል አፋፍ ላይ ያደርሷትና «መሪማ ካልበላች አልቀጥልም» ይላሉ። መሪማ ትበላለች። መጨረሻውን ሲጠየቁ ግን «አልናገርም» ነው መልሳቸው። ሴቶቹ ወይዘሮዋ የታመሙ መስሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠመንጃ ያነገተ ሰው በሩ ላይ ቆመ።

«ስብሰባ ክልክል ነው ተብላችኋል።»

«ስብሰባ አይደለም፤ መጽሐፍ ነው» አሉ ወይዘሮ ቡርቱካን።

«የታለ መጽሐፉ?»

«አንብቤዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ሰውየው ቤቱን ቃኘ። የሚወሰድ ነገር አልነበረም፤ ቀደም ብሎ ተወስዷል። ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። ለካ ከአጥሩ ጥግ ሲያዳምጥ ነው የሰነበተው።

«ልጅቷ ታመልጣቸዋለች?»

አስካለ ዐይኗን ጨፈነች። አሁን «ልንገርህና ይውጣልህ» ሊሉ ነው። ወይዘሮዋ ቀጥ ብለው አዩት።

«እሱን እናንተ ስትሄዱ ነው የምናገረው።»

ሰውየው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ወጣ። «የት ደርሰን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ቡርቱካን። ታሪኩንም ቀጠሉ።

በታኅሣሥ ታጣቂዎቹ ሄዱ። ሴቶቹ ሳይጠሩ መጡ። «በሉ እንግዲህ እትዬ፣ ሄደዋል።»

«ነገ» አሉ። በማግሥቱም «ነገ» አሉ። አስካለ ተቆጣች። ለመሪማ ግን ገብቷታል፤ ሲራጅ ሳይመጣ እኚህ ሴት ያንን ታሪክ አይጨርሱትም።

ሲራጅ ደሴም ስትያዝ ሸሽቶ ከከረመበት ከደብረ ብርሃን በሰው መኪና መጣ፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ከፌስታሉ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ለወይዘሮ ቡርቱካን ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ ስድስተኛው ቅጽ ወጣ።»

ወይዘሮዋ ሻሻቸውን መፍታት ጀመሩ። አስካለ አፏን ከፈተች።

«ሁለተኛው እትም ነው» አለች መሪማ ፈጠን ብላ። «እትዬማ አንብበውታል።» መጽሐፉን ተቀብላ ትራሷ ሥር ከተተችው። «በሉ አሁን ንገሩን።»

ወይዘሮ ቡርቱካን በሩ ላይ ቆሞ ውሃ የሚጠጣውን ሲራጅን አዩት።

«ልንገራችሁና ይውጣላችሁ» አሉ። «ትተርፋለች።» ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

መጽሐፉ ዛሬም መሪማ ትራስ ሥር ነው፤ ጋዜጣው እንኳ አልተፈታም። ለምን እንደማታነበው ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው።

«መጨረሻውን እትዬ ቡርቱካን ነግረውኛል።»