አሥራ አንዱ ፓት ዶቨሮች

የሰው ልጅ ከደረሰባቸው የአስተዳደር ጥበቦች ሁሉ የላቀው፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ በጌዮችና ሌዝቢያኖች፣ ጋዜጣ ቤት ይገኛል። እኛ ዘንድ አለቃ የለም፤ አለቃ ጭቆና ነው። ያለን አስተባባሪ ነው። ዋረን ይባላል፤ እሱ ያላለው አይሆንም። ድምፅ መስጠትም ክልክል ነው፤ የተሸነፈ ይከፋዋል። ሁሉም እስኪስማማ ይመከራል። መጋረጃው አረንጓዴ ይሁን ቡኒ ስንባባል አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ መስኮቱ እስካሁን ራቁቱን ነው።

ጋዜጣው አሥር ዓመት ሲሞላው የከተማው ቤተ መጻሕፍት የመሥራቹን ታሪክ በዐውደ ርእይ ላቅርብ አለ። በመጀመሪያው እትም ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፦ ፓት ዶቨር። ወንድም ሴትም የሚጠራበት የብዕር ስም ነው፤ ያን ጊዜ በገዛ ስሙ የሚጽፍ አልነበረም።

«እንግዲህ ከዚህ በላይ ልሸሽገው አልችልም» አለ ዋረን በስብሰባው ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ፓት ዶቨር እኔ ነኝ።»

«አንተ? ያኔ ጺም እንኳ አላበቀልክም ነበር» አለች የማስታወቂያ ክፍሏ ግሌንዳ። «ፓት እኔ ነኝ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ፓት ዶቨሮች አሥራ አንድ ደረሱ። ክፉ ምላስ የድል አጥቢያ አርበኞች ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አሥር ዓመት የቆየውን ትሕትናቸውን አደንቃለሁ።

የማተሚያ ፊደል ለቃሚያችን ኢርማ ጥግ ላይ ሆና ፊደሏን ትለቅማለች። መዝገብ ቤቱን ሳስተካክል ከአስተማሪነት የተባረረችበትን ደብዳቤ አግኝቼ ነበር፤ ጥፋቷ ፓት ዶቨር በሚል ስም ጋዜጣ ማውጣት ነው።

«ለምን አትናገሪም?» አልኳት በጆሮዋ።

«ያኔ አብሮኝ የሚቆም አንድ ሰው አጣሁ» አለች። «ዛሬ አሥራ አንድ መጡልኝ። ላባርራቸው?»

ከሰዓት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቅጽ ይዛ መጣች። የመሥራቹ እውነተኛ ስም፣ የሥራ ቦታና የቀድሞ ሥራ ይሞላል፤ እሁድ በትልቁ የከተማው ዕለታዊ ጋዜጣ ከነፎቶግራፉ ይወጣል።

ዋረን ቅጹን ሁለቴ አነበበው። «እናቴ የእሁዱን ጋዜጣ አታሳልፍም» አለ።

ግሌንዳ ቀን ቀን የምትሠራበት የባንክ ቤት አለቃ ትዝ አሏት።

«እውነቱን ለመናገር ፓት ጓደኛዬ ነበር» አለ አንዱ። «አገር ለቋል።»

«ታዲያ ማን ብዬ ልጻፍ?» አለች ሴትዮዋ።

ኢርማ ቀለም የነካውን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ብዕሩን ተቀበለቻት። ኢርማ ኮዋልቺክ ብላ ጻፈች። የቀድሞ ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «አስተማሪ» ብላ ሞላች።

«የሚቃወም አለ?» ሲል ዋረን ጠየቀ።

አልነበረም። በታሪካችን የመጀመሪያው ሙሉ ስምምነት ሆኖ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ።

በቀጣዩ እትም «ስማችንን የምንደብቅበት ዘመን አከተመ» የሚል ርእሰ አንቀጽ ወጣ። ጽሑፉ የዋረን ነው፤ ፊደሉን የለቀመችው ኢርማ ናት። ከግርጌው ላይ ጸሐፊው በኩራት ስሙን አስፍሯል፦ ፓት ዶቨር።