አይጥ በር አይዘጋም

ቆሞ መፍረድ ደስ ይላል። ጎንበስ ብሎ ማየት ግን ወገብ ይጠይቃል። ወንድ ልጅ ደግሞ፣ በተለይ ሚስቱ ጎንበስ በል ስትለው፣ ወገቡን ያመዋል። እኔን አሞኝ ነበር።

ናይሮቢ፣ ሩንዳ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ጊጊሪ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ሰብለ ጓሯችን ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ድንችና ካሮት ተከለች። ድንቹ አበበ፤ እኔም የቆፈርኩት ይመስል ኮራሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮው መሐል የአፈር ቁልል ተገኘ። በማግስቱ ሦስት ሆነ። ለምለም የነበረው ድንች ጠውልጎ፣ ሳብ ሲያደርጉት ሥር የለውም።

አይጥ ነው አልኩ፣ በረንዳ ላይ ሻዬን እንደያዝኩ።

ሰብለ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። ፍልፈል ነው አለች። ጉድጓዱ ከውስጥ በአፈር ተደፍኗል፣ የተበላውም ሥሩ ብቻ ነው፣ ና እየው አለችኝ። "አይጥ በር አይዘጋም" ስትል ልጃችን ሜላት በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች ሴት ፍልፈልን የት ታውቀዋለች ብዬ ተከራከርኩ። እኔስ የት አውቀዋለሁ? ያደግኩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ አየዋለሁ አልኳትና የአይጥ ወጥመድ ገዛሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኛ ቤት ፍልፈል በበላ አይጥ ተመታ። ምንም የማያውቁ ሁለት አይጦች ሞቱ። እኔ እንደ ማስረጃ ያዝኳቸው።

ቅዳሜ ብዙ ጊዜ መጣ። አንድም ቅዳሜ አልወረድኩም። ከዚያ ሰብለ ታመመች። በአራተኛው ቀን የለችም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሐበሻ ቤቱን ሞላው። ደንባችንን ታውቃላችሁ፤ ሐዘንተኛው እንዳያስብ ስለ ሌላ ነገር ይወራለታል። ሌላው ነገር ደግሞ፣ የአፈር ቁልሉ፣ በመስኮት ይታያል። አንዱ ጃርት ነው አለ። በእርሻ ዶክትሬት ያላቸው ሰው ናሙና ሳይወሰድ መናገር አይቻልም አሉ። ኢስሊ የሚነግደው ጀማል፣ ሞያሌ ላይ እንዲህ የሚያደርገው አዋልዲጌሳ የሚባለው አሳማ የሚያክል ቆፋሪ አውሬ ነው ብሎ ማለ። አዋልዲጌሳው የሩንዳን ዘበኞች ምን ብሎ እንዳለፈ ግን አልነገረንም። ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ለማየት ከወንበሩ የተነሳ የለም። እኔም አይጥ ነው እንዳልኩ ነኝ። ሰብለ ያለችውን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ሐዘን ይሁን እልህ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ከወር በኋላ አከራያችን ሙዜ ካማው የሚባሉ የጓሮ አውሬ አጥማጅ ሽማግሌ ላከችልን። ቁልሉን ሲያዩ ተንበረከኩ። አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ። ልክ እንደ እሷ።

"ፉኮ" አሉ። በስዋሂሊ ፍልፈል ማለት ነው። የተደፈነውን ጉድጓድ ከፈቱና ከእንጨትና ከሽቦ የሠሩትን ወጥመድ አፉ ላይ አስቀመጡ። ይህ እንስሳ በሩን ክፍት ማየት አይወድም፣ ሊዘጋው ራሱ ይመጣል አሉኝ። እውነትም ከሰዓት በኋላ መጣ። ዓይኑ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፤ ጥርሱ ከአፉ ውጭ ነው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቅዳሜ የተጨቃጨቅነው? ሁለት ደቂቃ ጎንበስ ብል ኖሮ "ልክ ነሽ" የምላት ሰው ነበረችኝ።

ሙዜ ካማው፣ እናንተስ ምን መስሏችሁ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ሜላት አጠገቤ ቆማለች። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች አልኩ በልቤ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ እኛማ ፉኮ ነው ብለን ነበር አልኳቸው።

ሜላት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከእኔ በተሻለ ስዋሂሊ፣ ሽማግሌው በደንብ እንዲሰሙ፣ ፉኮ ያለችው እማዬ ናት፤ አባዬማ አይጥ ነው ብሎ አልወርድም አለ አለቻቸው።

ሰብለ ጥላኝ ሄደች እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ለካ ምስክር አቁማብኝ ነው የሄደችው።