ቆንጂት ሽርሽር የወጣችበት ቀን

ንዌጥን እንከ በረድኤተ ትዕግሥት ጽሒፈ ዜናሁ ለሞክ ሲውፋይ።

ባለ ሁለት ፎቁን ትራም ሠላሳ አራት ዓመት በሆንግ ኮንግ ሐዲድ ላይ የመሩት፣ ደወሉን የሰው ጆሮ ሳያቆስሉ የሚደውሉት፣ አሮጊት ስታቋርጥ ባዩ ጊዜ ሰው የሞላውን ትራም ገትረው የሚያቆሙት፣ ታጋሹ ሞክ ሲውፋይ ከመዘውራቸው በጡረታ በወረዱ በስምንተኛው ዓመት፣ እመቤት ላይኩን በዓሣ ገበያው እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራተው በወደቁ በአርባ አንደኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሐዲዱ በሚያልቅበት በሻው ኬይ ዋን ሰፈር ይህ ገድል ተፈጸመ። የዚህ ዜና ጸሐፊም ገድሉ በተፈጸመበት ጠረጴዛ ኑድሉን ሲበላ ነበርና በሰሚ ሰሚ የሚናገረው የለም።

እመቤት ላይኩን የሞክ ሚስት ናቸው። ሐኪሞቹ የተሰበረ ዳሌያቸውን በብረት ጠግነው፣ መራመድ አለብዎት፣ ካልተራመዱ እግርዎ መራመድን ይረሳል ብለው ወደ ቤት ከሰደዷቸው ወዲህ ግን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ከማለት በቀር ንቅንቅ አላሉም፤ ከደጃፋቸው ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ እርጥብ ወለል መስሎ ታይቷቸው ነበርና። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ እህል እንቢ አሉ። ሞክ ዓሣ ቀቀሉ፤ እንቢ። ዕንቁላል በእንፋሎት አበሰሉ፤ አሁንም እንቢ። ሞክ የአርባ ስድስት ዓመት ሚስታቸው ዓይናቸው እያየ ልታልቅባቸው እንደሆነ ፈሩ፤ ይህንንም ያን ጊዜ ለማንም አልተነፈሱም፣ ለጸሐፊው ግን ኋላ ነግረውታል።

በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋው ላይ አዋጅ ወጣ፤ አዋጁም እንዲህ የሚል ነበረ፦ «የሺህ ፈገግታ ምግብ ቤትን ነጭ አጥሚት ካመጣህልኝ እበላለሁ። ነጩን ነው ያልኩህ፣ ሰማህ? ባለፈው ያ ጥቁር ዕንቁላል የተሞጀረበትን ይዘህ መጥተህ አቃጥለኸኛል። ስልኩንም እንዳትዘጋ፤ ስታዝ በጆሮዬ ልስማህ!»

ወእምዝ ሞክ ስልካቸውን እንደተከፈተ በደረት ኪሳቸው ከተው፣ ምግብ በሙቀቱ የሚያቆየውን ቴርሞስ በግራ እንደ ጋሻ፣ ጃንጥላቸውን በቀኝ እንደ ጦር ይዘው፣ ሐዲዱን ተሻግረው ዘመቱ።

ሺህ ፈገግታ ምግብ ቤት የሩዝ አጥሚቱ ከሰማይ የወረደ፣ መስተንግዶው ግን ከየት እንደ ወጣ ያልታወቀ ቤት ነው። ፈገግታ በታፔላው ላይ እንጂ ከታፔላው በታች ታይቶ አያውቅም። በግድግዳው ላይ አዋጆች ተለጥፈዋል፤ አንደኛው ብቻውን የመጣ ጠረጴዛ ይጋራል ይላል፣ ሁለተኛው በልተህ ከጨረስክ ተነሣ ይላል፣ ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለመንገድ ተጠቅልሎ አይሸጥም ይላል። እነዚህን ሁሉ በእጇ የጻፈችው አስተናጋጇ ካም ናት፤ በአንድ ክንዷ ስድስት ሳህን የምትሸከም፣ በሌላው ስድስት ሰው የምትገፋ፣ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የገዛች፣ ጎረቤቶቿ እትዬ ካም የሚሏት፣ እሷ ግን ማንንም እትዬም ጋሼም ብላ የማታውቅ። «እርስዎ» የምትባለው ቃል በካም ምላስ ላይ አልተወለደችም።

ደግሞም የቤቱ ቋንቋ መታወቅ አለበት። አስተናጋጅ ወደ ማድ ቤት ስትጣራ ነጭ ሩዝ ቆንጆው ይባላል፣ ነጭ አጥሚት ቆንጂት ትባላለች፣ ተጠቅልሎ ወደ ቤት የሚሄድ ነገር ደግሞ ሽርሽር ወጣ ይባላል። ከካም አፍ አንዴ የወጣ ጥሪ በወጥ ቤቱ በወፍራሙ ሎክ ዘንድ አይሻርም። የንጉሥ ቃል ቢታጠፍ ይታጠፋል፣ የካም ጥሪ ግን አይታጠፍም።

በበሩ የተሰለፈው ሠራዊትም ይህ ነው፦ በፊታውራሪነት ባሮ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ የምትጎትት ባልቴት፣ በቀኝ አዝማችነት ስቴኪኒ በጥርሱ የነከሰ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ፣ በግራ አዝማችነት የፈረስ እሽቅድምድም ጋዜጣውን እንደ ድንኳን ዘርግቶ ማንንም የማያሳልፍ ሽማግሌ፣ በደጀንም የራሱ ጃንጥላ የተቀደደ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ። ሞክ ከነዚህ መካከል ሃያ ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ቆመው ተራቸው ደረሰ። ያን ጊዜም ካም አወጀች፦

«ስንት ሰው? አንድ? ታዲያ ምን ትገተራለህ፣ ፎቶ እናንሳህ እንዴ? ሂድ እዚያ ከነሱ ጋር ተጠጋጋ!»

ሞክም በጋዜጣው ሽማግሌና በባልቴቷ ጋሪ መካከል፣ ከጸሐፊው ፊት ለፊት ገቡ። ካም ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው እኩሌታው በሞክ እጅጌ ላይ ፈሰሰ። እርሳሷን ከጆሮዋ መዝዛ፣ «ምን ይሁን ቆንጆው? ቶሎ በል!» አለች። ሞክ ሩዝ ሊቀርብላቸው እንዳይሆን ሰግተው፣ አንዲት ነጭ አጥሚት ለመንገድ፣ ሚስቴ ታማብኝ ነው፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ብለው በትሕትና አመለከቱ። ካም በእርሳሷ ግድግዳውን አሳየችና ሁለተኛውን የአፍ አዋጅ አወጣች፦

«ማንበብ አትችልም? ለመንገድ የለም! ሚስትህ ከታመመች ሐኪም ቤት ውሰዳት። እዚህ የሚታከመው ረሃብ ብቻ ነው፣ እሱም ቶሎ ካዘዝክ!»

ይህን ጊዜ ባልቴቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ጋዜጣው ወደ ታች ዝቅ አለ። ጸሐፊው ብዙ ስድብ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይህ ግን አንጀቱን በላው። የሞክ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ። ይሁን እንጂ ሠላሳ አራት ዓመት የተሳፋሪ ቁጣ ያጠነከረው ሰው እንዲህ በቀላል አይሰበርምና፣ ስድቡን ከቀረው ሻይ ጋር ዋጡት፤ እንግዲያውስ እዚሁ እበላለሁ ብለው አንዲት አጥሚት አዘዙ። በልባቸው ግን ተንኮል ነበረ።

አጥሚቱ በእንፋሎት ተከቦ በመጣ ጊዜ፣ ሞክ ቴርሞሱን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ክዳኑን ከፈቱ። የጋዜጣው ሽማግሌ ድንኳኑን በሞክ ፊት ዘረጋ፤ ባልቴቷም ባሮ ሽንኩርቷን በግራ በኩል ከመረች። በዚህ ምሽግ ውስጥ አንደኛው ማንኪያ በሰላም ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። በሦስተኛው ላይ ትኩሱ አጥሚት የሞክን ጉልበት አገኘና ታላቁ ሰው «እ!» አሉ። ካም ደረሰች። ጋዜጣውን ገልጣ፣ ሽንኩርቱን ገፍታ፣ ቴርሞሱን ከነክዳኑ ማርካ ወደ ላይ አነሣችውና ሦስተኛው የአፍ አዋጅ ተነገረ፦

«በዚህ ቤት ምግብ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ቴርሞስ አይገባም! ሽማግሌ ሆነህ አታፍርም?»

ሞክ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ግን፣ ንግርት የሌለው ነገር፣ የሞክ ደረት ኪስ ተናገረ፦

«አንቺ! ጯሂዋ! በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ከበሩ ጀምሮ ሁሉን ሰምቼሻለሁ። ባሌን እኔ ነኝ የምሰድበው፣ ለሱ አርባ ስድስት ዓመት ደክሜበታለሁ። አንቺ ማን ፈቀደልሽ? ቴርሞሱን መልሺለት፣ አለዚያ መጣሁልሽ!»

ካም ወደ ኪሱ ጎንበስ ብላ፣ ለኪሱ መልስ ሰጠች፦ «ነያ! ከስምንት ሰዓት በፊት ከደረስሽ ወንበር ይጠብቅሻል። የምትመጪ መስሎሽ ነው?»

ስልኩ ጠጥ ብሎ ተዘጋ። ካም ቴርሞሱን ሽቅብ መደርደሪያው ላይ ሰቀለች፣ ባዶ የነበረውን አንድ ወንበር በእርጥብ መወልወያዋ ምልክት አድርጋበት፣ ለተሰለፈው ሠራዊት «ይቺን ማንም እንዳይነካ፣ ሰው እየመጣ ነው!» ብላ አስታወቀች። በሺህ ፈገግታ ታሪክ ወንበር ለሰው ሲጠበቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። እልህ ይሁን ርኅራኄ ጸሐፊው አልመረመረም፤ ካምን የሚመረምር ሰው ኑድሉ ይቀዘቅዝበታል።

ሞክ ግን ልባቸው ተሰቀለ። ያቺ እርጥብ ወለል ስታይ የምትንቀጠቀጥ ሴት ብቻዋን ወጥታ ዳግመኛ ብትወድቅስ ብለው ተነሡ፤ ሊሮጡም አሰቡ። ነገር ግን በጋሪው ጎማ፣ በጠረጴዛው እግርና በሽማግሌው እግር መካከል ተሰንቅረው ቀሩ፤ ካምም «ተቀመጥ! ያን የሚያህል አፍ ያላት ሴት እግር አያጣትም!» አለቻቸው። እየገፉ፣ ይቅርታ እያሉ፣ ሽንኩርት እየደፉ በስተመጨረሻ በሩ ላይ ደረሱ።

ከሐዲዱ ወዲያ፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ቀዩን የአውደ ዓመት ካፖርት ደርበው፣ ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ፊት ለፊታቸው እያስቀደሙ፣ እመቤት ላይኩን ቆመው ነበር። ሐዲዱንም መሻገር ጀመሩ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። ትራም መጣ፤ ሰው እስከ ደረጃው ሞልቶበታል። መሪው ወጣት ነው፣ ሞክን አያውቃቸውም፤ ነገር ግን ትራሙን ገትሮ አቆመ፣ ደወሉንም አልነካም። ሞክ ይህን ባዩ ጊዜ እንባቸው መጣ። እንፋሎት ነው ብለዋል፤ ደጅ ላይ ግን እንፋሎት አልነበረም።

ሊደግፏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እመቤቲቱ በጩኸት ከለከሏቸው፦ «አትንካኝ! ተሸክሟት መጣ ልታስብለኝ ነው?»

ሠራዊቱም ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሰጠ። ነገር ግን በደጃፉ ላይ፣ የፈሰሰ ሻይ ገና የተወለወለበት ወለል እንደ ዓሣ ገበያው ያብለጨልጭ ነበርና፣ እመቤት ላይኩን አይተውት ደነገጡ፤ መደገፊያውን ይዘው አንዲት ጋት ታህል ወደ ኋላ አሉ። ሞክ እስትንፋሳቸውን ዋጡ፤ አሁን ከተመለሰች ዳግመኛ አትወጣም ብለው ነበርና።

ካም ስድስቱን ሳህን ያገኘችው ሰው ጭን ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ለልጁ ሠርግ እንኳ ያልለቀቀውን የፈረስ ጋዜጣ ከእጁ መንትፋ፣ ገጽ በገጽ እያደረገች ከደጃፉ እስከ ወንበሩ ዘረጋችው፤ በእግሯም ረግጣ መያዙን ፈተነችው። ከዚያ ቀና ብላ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልተሰማ ቃል ተናገረች፦

«ይግቡ። ይቀመጡ።»

እመቤት ላይኩንም በአምስተኛው እሽቅድምድም ገጽ ላይ አንድ እርምጃ፣ በስድስተኛው ላይ አንድ እርምጃ እየረገጡ፣ ሽማግሌው «ኧረ ቀስ፣ እሱ የኔ ፈረስ ነው!» እያለ ሲያቃስት፣ ወንበራቸው ላይ ደረሱና ተቀመጡ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ካም አንዳች ነገር ዓይኗ ውስጥ የገባ ይመስል ፊቷን ወደ ማድ ቤት አዞረችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦ «ሎክ! ቆንጂት ከሽርሽር ገባች!»

ወፍራሙ ሎክ ከእንፋሎቱ ማዶ ሆኖ ከጥሪው ሁለት ቃል ብቻ ሰማ፤ ቆንጂትን ሰማ፣ ሽርሽርን ሰማ። ስለዚህ ነጭ አጥሚቱን ቀድቶ፣ ከድኖ፣ በፌስታል ቋጥሮ በመስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ ይህም ከቀኑ በሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ለመንገድ በማይሸጥበት በክልከላው ሰዓት ሆነ። ካም ፌስታሉን አየች። በገዛ እጇ የጻፈችውን ግድግዳ አየች። ሠራዊቱ ሁሉ እሷን አየ። የወጣ ጥሪ ግን አይሻርም።

እመቤት ላይኩን ሞክ የጀመሩትን አጥሚት ወደ ራሳቸው ስበው፣ ማንኪያቸው ሳህኑን እስኪፍቅ ድረስ በሉት። ካምም ፌስታሉንና ምርኮኛውን ቴርሞስ አምጥታ በመደገፊያው ላይ አንጠለጠለች፤ «እርስዎ»ም ወደ መጣችበት ተመልሳ ነበር፦

«ያዢ! አንዴ ተጠርቷል፣ ምን ላድርገው? ደግሞ ነገም ልትመጪ ነው?»

«እመጣለሁ! ለእራቴ የቋጠርሽው ውሃው ከበዛማ ድስትሽን ፊትሽ ላይ ነው የምደፋው!»

«ነያ! ማን ፈርቶሽ!»

እንግዲህ ያላንዲት ጦር የዘመቱት፣ ተሰድበው ያልመለሱት፣ ጉልበታቸው ተቃጥሎ «እ» ብቻ ያሉት፣ ከሁሉም በላይ ግን ስልኩን ያልዘጉት ሞክ ሲውፋይ በትራም መሪዎች ሁሉ መካከል ስማቸው ከፍ ይበል፤ እንደሳቸው ያለ ዘማች በሻው ኬይ ዋን አልታየም፣ አይታይምም። በማግስቱ ረቡዕ ጸሐፊው ደንበኛ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ መደገፊያው በደጃፉ ላይ ሲንኳኳና ካም «ደግሞ መጣሽ?» ስትል ሰማ። ስለዚህ ያለፈው አቆጣጠር፣ እመቤት ላይኩን በወደቁ በዚህን ያህል ቀን የሚለው፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቀርቷል። ይህ መጽሐፍ ተጽፎ ያለቀው እመቤት ላይኩን በተራመዱ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁለተኛው ቀን ነው።