ዘጠኝ ለወለዱ እናት የሚገባውን የበዓል ስጦታ ስለመምረጥ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00። ሰዓቱን ቅዳሴ ያለበት መሆኑን የሚያውቁት ሊቀመንበር መርጠውታል።

ቦታ፦ ኮልፌ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ። ፊርማ ፈርሞ የሚሾልክ ስለበዛ በሩ እንደ ደንቡ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው።

የተገኙ አባላት፦
ጓድ መኳንንት ነገሬ፣ ሊቀመንበር
ጓድ ይገዙ ገብረአምላክ፣ የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ
ጓድ ጀይሉ ጀላል፣ የኅብረት ሱቁ ኃላፊ
ጓዲት ወለተጻድቅ ወንድይፍራው፣ የእናቶች ተወካይ፣ የዘጠኝ ልጆች እናት

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ጤና ረዳት ራህማ፤ ጸሐፊ እሙ አምሐ።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሁሉም ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ማን እንደሞተ አልተገለጸም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አራት። አራት ስለተገኙ ለጥቂት ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጉዳዩ ምንነት

ለሴቶች ቀን የሚሰጠው ስጦታ ዘንድሮ የእናቶችን ጤና የሚደግፍ እንዲሆን ከበላይ ታዟል። ጤና ረዳት ራህማ ሲያስረዱ፣ ከዳሌ በታች ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ እንዳለ፣ በተደጋጋሚ ወሊድና በከባድ ሸክም እንደሚላላ፣ ከዚያ ወዲያ ሴቲቱ ስትስቅና ስታስል ሽንት እንደሚያመልጣት፣ ሲብስም ማህፀን ወደ ታች እንደሚወርድ ገልጸዋል። ይህ ሲነገር ሦስቱ ጓዶች ጣሪያውን ሲመረምሩ ቆይተዋል። ጣሪያው ደህና ነው።

ሊቀመንበሩ የአካሉ ስም በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ አሳስበዋል። ጓዲት ወለተጻድቅ፣ «ዘጠኝ ልጅ ሲወጣበት ያላፈረ፣ ወረቀት ላይ ሲገባ ሊያፍር ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አያይዘውም ለአንድ አፍታ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠይቀው፣ ጥያቄያቸው በአጀንዳ 4 እንዲታይ ተይዞላቸዋል። (3፡40)

አጀንዳ 2፦ ዕቃው

ጤና ረዳት ራህማ ለውሃ መቅጃ ትንሽ ጀሪካንና ለሥራ መቀመጫ የሚሆን በርጩማ አቅርበዋል። ጓድ ይገዙ ጠንካራ ሽፋን ያለው የንግግሮች መድበል ይሻላል ብለዋል። ስለ ክብደቱ ተጠይቀው ሦስት ኪሎ ገደማ መሆኑን፣ ሁለት ቅጽ በሁለት እጅ ከተያዘ ግን ሚዛን እንደሚጠብቅ አስረድተዋል።

ጓድ ጀይሉ አየር ጤና ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ገዢ ያጣ አርባ የእንጨት ሙቀጫ መኖሩን፣ ሙቀጫ ደግሞ ሲገለበጥ በርጩማ መሆኑን ገልጸዋል። ለናሙና ያመጡትን ግን ወገባቸውን ስለያዛቸው ደጃፍ ላይ ጥለውት ገብተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ለእያንዳንዷ እናት አንድ ሙቀጫ እንዲሰጥ፣ እናቶቹም ከአየር ጤና ድረስ ራሳቸው ተሸክመው እንዲወስዱ ተወስኗል። ጓዲት ወለተጻድቅ በአጀንዳ 1 ስለ ሸክም የተባለውን ሲያስታውሱ፣ አጀንዳ 1 መዘጋቱ ተነግሯቸዋል። ሁለተኛ ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ትዕግሥታቸው ተመስግኗል። (4፡35)

አጀንዳ 3፦ ልምምዱ

ጤና ረዳት ራህማ ከሁሉ የሚሻለው ስጦታ ልምምዱን ማስተማር ነው ብለዋል። ይኸውም ያንን ጡንቻ ማጥበቅ፣ አምስት ድረስ ቆጥሮ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። ማንም ሳያውቅ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦም ይሠራል።

«ማንም ሳያውቅ» የሚለው ጓድ ይገዙን አሳስቧቸዋል። በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ለሪፖርት ስለማይመች፣ ያጠበቀች እናት ግራ እጇን እንድታነሣ ሐሳብ አቅርበዋል። በዚህች ሰዓት እዚህ አዳራሽ ውስጥ እየሠራ ያለ ሰው እንዳለም ጠይቀዋል። ጓዲት ወለተጻድቅ ግራ እጃቸውን አንሥተው፣ «እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይዣለሁ፤ ከእንግዲህ ዋስ አልሆንም» ብለዋል። ጤና ረዳቷ ሞልቶ የመጣን ሽንት ይዞ መቆየት ጉዳት እንጂ ልምምድ አለመሆኑን አስታውቀዋል።

አጀንዳ 4፦ የጓዲት ወለተጻድቅ ጥያቄ

ጓዲቷ ቆመው እንዲህ ብለዋል፦ «ባለፈው ወር እዚሁ ፈቃድ እየለመንኩ ቀሚሴ ረጠበ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ዘጠኝ ልጅ እንዳሳደገ ሰው ሳይሆን ራሱ ልጅ እንደሆነ ሰው አልቅሼ ቤቴ ገባሁ። ሙቀጫ አለኝ። ስጦታ ከሰጣችሁኝ በሩን ስጡኝ።»

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ መጻፍ አቅቷት ነበር። ለሊቀመንበሩም ይህ ስጦታ ከመጋዘን የማይወጣ በመሆኑ ዛሬውኑ «መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ተብሎ ሪፖርት ሊደረግ እንደሚችል ተገልጾላቸዋል። ማንኛዋም እናት ያለ ፈቃድ እንድትወጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ሲያስረክቡ፣ ሌላ ሰው እንዳይሾልክ በሩን ከውጭ እንዲቆልፉት አጥብቀው አዘዋል። ጓዲት ወለተጻድቅ ጤና ረዳቷን ደግፊኝ ብለው ይዘው ወጥተው እንደታዘዙት ቆልፈዋል። (5፡20)

ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ጓድ ይገዙ አባላትን ቆጥረው አዳራሹ ውስጥ ሦስት ብቻ መቅረታቸውን፣ ምልዓተ ጉባኤው መፍረሱን ደርሰውበታል። ጓድ ጀይሉ ጠዋት የጠጡት ሁለት ብርጭቆ ሻይ መድረሱን ገልጸው ለመውጣት ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ውሳኔው እናቶችን ብቻ የሚመለከት መሆኑን አስታውሰዋቸዋል። ጓድ ጀይሉ ግን በሩን ይመቱ ጀመር። ጓዲት ወለተጻድቅ ደጃፍ ላይ በናሙናው ሙቀጫ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ በመስኮት ታይተዋል። ሙቀጫው ለመቀመጫ ይሆናል የተባለው እውነት ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጓዲት ወለተጻድቅ እንዳልወጡ እንዲቆጠር፣ በዚህም አራት አባላት ስለሚሞሉ ያለ ፈቃድ መውጣትን ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሰረዝ ተወስኗል። ውሳኔውን ሊቀመንበሩ በመስኮት አንብበውላቸዋል። ጓዲቷም፣ «እሺ ልጄ። እኔ ካልወጣሁ ቁልፉም አልወጣም፤ ኪስህን ፈትሽ» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ ኪሳቸውን ፈትሸዋል።

ስብሰባው በ6፡30 አልቋል፤ ጓዲት ወለተጻድቅ በሩን ከፍተውላቸው ተሰብሳቢዎቹ የወጡት በ7፡15 ነው። ጓድ ጀይሉ በመካከሉ የደረሰባቸው ነገር በቃለ ጉባኤ እንዳይጻፍ ጠይቀዋል፤ አልተጻፈም። የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ጸሐፊ ሳቋ ሲያስቸግራት የጤና ረዳት ራህማን ልምምድ ሞክራዋለች። ይሠራል።