ሰባተኛው «ቁጭ በይ»

[ሚስት ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ ባሏ ሳሎኑ መሀል ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ እጁ ላይ ብስኩት። ድንቡሼ የምትባል ትንሽ ነጭ ውሻ ምንጣፉ ላይ ቆማ ታየዋለች።]

ባል፦ ግትር ናት አልኩሽ፣ ግትር!

ሚስት፦ ምኗ ነው ግትር? ትናንት እግሬ ላይ ተኝታ እግሬ እስኪደነዝዝ አልተነቃነቀችም።

ባል፦ እሱማ ስንፍና ነው። ስንፍና ሌላ፣ ሥልጠና ሌላ።

ሚስት፦ እኔ ምን አውቄ። ብቻ አከራያችን እትዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፎቅ ይወርዳሉ።

ባል፦ ይውረዱ!

ሚስት፦ «ስትታዘዝ ካላየሁ ዛሬውኑ ከቤቴ ትውጣ» ብለዋል እኮ። ሁለቴ ደረጃው ላይ ወጥታ የልጅ ልጃቸውን ዳቦ ቀማች። [እጇ ምስሩ ላይ ይቆማል] እሷ ከሄደች ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ላወራ ነው?

ባል፦ ከእኔ ጋር!

ሚስት፦ አንተ ጋማ ማዳመጥ ብቻ ነው ያለው።

ባል፦ ሠላሳ ዓመት ስንቱን አስቸጋሪ በፊሽካ ያሰለፍኩ ሰውዬ፣ ከድመት የማትበልጥ ፍጥረት ታቅተኝ? ተመልከቺ። ቁጭ በይ! ቁጭ በይ! ቁጭ በይ!

[ድንቡሼ ታዛጋለች።]

ባል፦ ቁጭ በይ! ቁጭ በይ እንጂ! ቁጭ በይ አልኩሽ!

ሚስት፦ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ የለ እንዴ?

ባል፦ አንቺን ማን አለሽ! ጆሮዋ አይሰማ ይሆን?

[ኪሱ ውስጥ ያለውን የብስኩት ወረቀት በአንድ ጣቱ ነካ ያደርጋል። ድንቡሼ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ታቆማለች።]

ሚስት፦ ይሰማል።

ባል፦ [ድምፁ እየተሰነጠቀ] ቁጭ በይ!

[ድንቡሼ ቁጭ ትላለች።]

ባል፦ አየሽ! መሪ ማለት እንዲህ ነው! [ብስኩቱን ይሰጣታል]

ሚስት፦ ሰባተኛው ላይ።

ባል፦ ምን?

ሚስት፦ ማክሰኞም ሰባተኛው ላይ ነው፣ ትናንትም ሰባተኛው ላይ። ብስኩቱ የሚመጣው ያኔ መሆኑን ለምዳለች። በመጀመሪያው ለምን ትድከም?

ባል፦ ውሻ ትቆጥራለች ልትዪኝ ነው?

ሚስት፦ ኧረ አልወጣኝም። ድምፅህን ነው የምታውቀው። ሰባተኛው ላይ ይሰነጠቃል።

ባል፦ አንቺ ምስርሽን ልቀሚ! ይሄ ሙያ ይጠይቃል።

[በሩ ይንኳኳል፤ ገና ሲነካም ራሱ ይከፈታል። አከራይዋ እጃቸውን አጣምረው ይገባሉ። ድንቡሼ ብድግ ትላለች።]

ባል፦ [ደረቱን ነፍቶ] ይግቡ፣ እትዬ! አሁን ጉድ ያያሉ። ቁጭ በይ!

[ድንቡሼ ጭራዋን ትቆላለች።]

ባል፦ ቁጭ በይ! ቁጭ በይ! አንዴ ይታገሱኝ፣ እትዬ፤ አራት ይቀሩኛል!

አከራይ፦ ምኑ ነው የሚቀርዎት?

ሚስት፦ [ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ በለሆሳስ] ድንቡሼ፣ ቁጭ በይ።

[ዝም ብላ ትጠብቃለች። ባል አፉን ሊከፍት ሲል በጣቷ ጸጥ ታሰኘዋለች። ድንቡሼ ወደ እሱ ታያለች፣ ወደ እሷ ታያለች፣ ቁጭ ትላለች።]

አከራይ፦ ይቺማ ጨዋ ናት! በአንድ ቃል! በሉ ትቆይላችሁ።

ሚስት፦ [ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች] ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እትዬ።

ባል፦ [በሹክሹክታ] መቼ አስተማርሻት?

ሚስት፦ ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ጋዜጣ ስታነብ። አንዴ እላታለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። ስትቀመጥ አገጯን አክላታለሁ።

አከራይ፦ [በሩን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዙ] ቆይ፣ ይሄ መቀርቀሪያ የለውም እንዴ? ለካ በዚህ ነው የምትወጣው!

ባል፦ እሱማ፣ ዛሬ ነገ እገዛለሁ ስል...

ሚስት፦ እኔ ስድስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ እትዬ። ሰባተኛውን እርስዎ ይበሉት።

አከራይ፦ [ጮክ ብለው] ሱቅ ሳይዘጋ ሄደው መቀርቀሪያ ይግዙ!

[ባል ፊሽካውን ከአንገቱ ያወልቃል፤ በሩን ያያል፤ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ፣ ድንቡሼ አጠገብ ቁጭ ይላል።]

ሚስት፦ [አፍራ] እሱን ማሠልጠን እንኳ ገና አልጀመርኩም፣ እትዬ።